ከመርዙ ይልቅ ጡንቻው

ሰብልን ከተባይ ስለሚጠብቁ ጥገኛ ተርቦች በአንድ ስብሰባ ላይ ገለጻ አድርጌ እንደ ጨረስሁ አንዲት ወይዘሮ ለጥያቄ ተነሡ። ከዓመታት በፊት ተርብ ነድፏቸው ሰውነታቸው እንዳበጠ፣ ትንፋሽ እንዳጠራቸውና በአድሬናሊን መርፌ እንደ ተረፉ ከተናገሩ በኋላ፣ «ከተርብ የተወሰደ ፕሮቲን በምበላው እህል ውስጥ ቢኖር እኔ ምን እሆናለሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ማንኛውም አዲስ ፕሮቲን ወደ ምግብ ከመግባቱ በፊት አለርጂ የማስነሣት ዕድሉ እንደሚገመገም ነገርኋቸው። እርሳቸውም ረጋ ብለው፣ «ግምገማው በትክክል የሚጠይቀው ምንድን ነው?» አሉኝ። የሰጠኋቸው መልስ እውነት ነበር፤ ነገር ግን አጭር ነበር፣ ጥያቄያቸውም ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

አልለቀቀኝም የምለው ጥያቄው ከባዶ ሥጋት የመነጨ ስላልሆነ ነው። ብዙዎቹ ጥገኛ ተርቦች እንቁላላቸውን በአባጨጓሬ አካል ውስጥ ሲጥሉ መርዝ አብረው ያስገባሉ፤ አንዳንዶቹ በገዛ ዘረመላቸው ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የሚወርሱትን ቫይረስ ይጨምሩበታል፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ከእንቁላሉ ሽፋን የሚላቀቁ ቴራቶሳይት የተባሉ ሕዋሳት በአባጨጓሬው ደም ውስጥ እየተንሳፈፉ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ይህ ሁሉ አባጨጓሬው እንዳይከላከልና እንደ ልቡ እንዳያድግ ያደርገዋል። ተመራማሪዎች እነዚህን ፕሮቲኖች ለሰብል ጥበቃ ቢመኟቸው ስለዚህ አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ሥራ፣ ማይክሮፕላይቲስ ክሮሲፒስ ከተባለችው ተርብ ቴራቶሳይቶች የተገኘ ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ወደ ትምባሆ ተክል ገብቶ ተክሉን ተባይ እንዲቋቋም እንደ ረዳው አሳይቷል። ትምባሆ ምግብ አይደለም፤ ዘዴው ግን ለሚበላ ሰብልም ያው ስለሆነ፣ የወይዘሮዋ ጥያቄ ያለ ጊዜው የተነሣ ጥያቄ ነው ማለት አይቻልም።

ዝምድና እንደ ማስረጃ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ይህ ተረት የተነደፈን ሰው ፍርሃት ለማቃለል ሲጠቀስ አልወድም፤ በአለርጂ ጉዳይ ልጥ የመሰለው ነገር አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ እባብ ሆኖ ይገኛልና። የአኩሪ አተርን ሜቲዮኒን (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱን) ለመጨመር ብራዚል ነት ከተባለ ፍሬ የተወሰደ ጂን የገባበት አኩሪ አተር ለዚህ ምስክር ነው። በ1996 በታተመው ምርመራ፣ ለብራዚል ነት አለርጂ ካለባቸው 9 ሰዎች የ8ቱ ሴረም (ከደም የሚለየው ፈሳሽ) ወደ አኩሪ አተሩ የተዛወረውን ፕሮቲን ለየው፤ ምርቱም ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ። ፕሮቲን ሰፈሩን ቢቀይርም ጠባዩን ይዞ እንደሚሄድ ከዚያ ወዲህ የሚጠራጠር የለም። ስለዚህ ማንኛውም ግምገማ በቅድሚያ «ምንጩ ማን ነው?» ብሎ መጀመሩ ተገቢ ነው።

የጥገኛ ተርቦች ዝምድናም የይስሙላ አይደለም። በጎጆ ተሰባስበው ከሚኖሩትና ሰውን ከሚነድፉት ተርቦች መርዝ ውስጥ አለርጂ በማስነሣት የታወቁት ፎስፎሊፔዝ ኤ1፣ ሃያሉሮኒዴዝና አንቲጅን 5 የተባለው ፕሮቲን ናቸው። የዝንብ ኩብኩባን የምታጠቃው ናሶኒያ ቪትሪፔኒስ ዘረመሏ በ2010 ይፋ በሆነበት ጊዜ በመርዟ ውስጥ 79 ፕሮቲኖች ተለይተዋል፤ ከእነሱም መካከል በማር ንብ መርዝ ውስጥ አለርጂ ከሚያስነሡት አንዱ የሆነው የአሲድ ፎስፋቴዝ ዘመዶች ይገኙበታል። አብዛኞቹ ጥገኛ ተርቦች የሰውን ቆዳ መብሳት የማይችሉ ጥቃቅን ቢሆኑም፣ እንደ ስክሌሮደርመስ ያሉት በቤት ዕቃ እንጨት ውስጥ የሚኖሩ እጮችን ሲያድኑ ሰውን እንደሚነድፉና ቆዳን እንደሚያስቆጡ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ግን በቸልታ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ታሪክ አለ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተርብና የንብ ንድፊያ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ይታከሙ የነበሩት ከነፍሳቱ ሙሉ አካል በተዘጋጀ ጭማቂ ነበር፤ ነፍሳቱ ያው ስለሆኑ መድኃኒቱም ያው ይሆናል ተብሎ ታስቦ ማለት ነው። በ1978 የታተመ ንጽጽር ግን በንጹሕ መርዝ የታከሙት ሰዎች ሲጠበቁ፣ በሙሉ አካል ጭማቂ የታከሙት መድኃኒት አልባ መርፌ ከተሰጣቸው እንዳልተሻሉ አረጋገጠ። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የሚያውቀው ነጠላ ፕሮቲንን እንጂ ተርብን እንደ ተርብነቱ አይደለም። የአንዱ ተርብ መርዝና የዚያው ተርብ ጡንቻ ለአይጂኢ (አለርጂን ለሚያስነሣው የሰውነት ፀረ እንግዳ አካል) ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። ይህን እያወቅሁ እንኳ፣ ለወይዘሮዋ የተሟላ መልስ ለመስጠት ስዘጋጅ በቀጥታ የሄድሁት ወደ መርዙ ነበር፤ ጥያቄው የመጣው ከንድፊያ ስለ ነበር።

ሠንጠረዡ

የግምገማው ሁለተኛ እርምጃ የአዲሱን ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ከታወቁ አለርጂ አስነሺ ፕሮቲኖች ጋር ማስተያየት ነው። በ2003 የወጣው የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ) መመሪያ እንደሚለው፣ በማንኛውም የ80 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ውስጥ ከ35 በመቶ በላይ መመሳሰል ከታየ ጉዳዩ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። በሌላ አነጋገር ከ80ው 28ቱ ቦታቸውን ይዘው መግጠማቸው ወደ ማንቂያው ደጃፍ ያደርሳል። በይፋ የሚገኙ የጥገኛ ተርብ ቅደም ተከተሎችን ሰብስቤ ለዚሁ ንጽጽር አቀረብሁ፤ ከመርዝ ፕሮቲኖቹ በተጨማሪም በአካላቸው ውስጥ በብዛት የሚገኙትን አካተትሁ። ከሁሉ በላይ የሚመጣው ከመርዙ ወገን አንዱ እንደሚሆን እጠብቅ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ ሠንጠረዡን የመሩት የጡንቻ ፕሮቲኖች ሆኑ። አርጂኒን ካይኔዝ በተባለው ፕሮቲን አጠገብ የተደረደሩት ስሞች ሽሪምፕ፣ በረሮና በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ ማይት የተባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ነበሩ። ትሮፖማዮሲንም እንዲሁ። እነዚህ መርዝ ወይም መሣሪያ አይደሉም፤ አንዱ ለጡንቻ ኃይል የሚያቀርብ፣ ሌላው የጡንቻን መኮማተር የሚቆጣጠር የዕለት ተዕለት አገልጋይ ነው። በነፍሳትና እንደ ሽሪምፕ ባሉ የባሕር እንስሳት መካከል ያላቸው መመሳሰልም ከ35 በመቶ አልፎ በአብዛኛው ከ70 በመቶ በላይ ይሄዳል። ገጹን እያየሁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ፤ ምክንያቱም ሠንጠረዡ ከወይዘሮዋ አጠገብ ተቀምጦ ሊሆን ይችል የነበረ፣ ተርብን ፈጽሞ የማይፈራ፣ ነገር ግን ሽሪምፕ ሲበላ ከንፈሩ የሚያብጥ ሌላ ሰው እያሳየኝ ነበር። ያ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ እንዳለ ስለማያውቅ እጁን አያነሣም።

ከዚያ በኋላ ከራሴ ጋር ክርክር ጀመርሁ። መመሳሰል ብቻውን ፍርድ ከሆነ የዶሮና የበሬ ሥጋም መከሰስ ነበረባቸው፤ የእነሱ ትሮፖማዮሲን ከሽሪምፕ ትሮፖማዮሲን ጋር ከግማሽ በላይ ይመሳሰላልና። ሆኖም ለሽሪምፕ አለርጂ ያለበትን ሰው በዚህ ምክንያት ዶሮ እንዳይበላ የሚከለክለው ሐኪም የለም። ሮብ አልበርሴ የተባሉት የአለርጂ ሊቅ በ2000 እንደ ጻፉት፣ አንዱን ፕሮቲን የለየ አይጂኢ ሌላውንም እንዲለይ ብዙውን ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ መመሳሰል ያስፈልጋል፤ ከ50 በመቶ በታች ሲሆን ደግሞ ይህ እምብዛም አይታይም። 35 በመቶ ስለዚህ ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ደፍ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» በሚለው መንፈስ የተቀመጠ ነውና በርካታ ንጹሓንን አብሮ ያቆማል። የተርቡ አርጂኒን ካይኔዝ ግን ደፉን አልፎ፣ ሊቁ ያስቀመጡትንም ከባድ መለኪያ ያለፈ ነው።

ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ የሚያሳየው የሚበሉ ነፍሳት ጉዳይ ነው። ለሽሪምፕ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ቢጫ ሚልዎርም የተባለውን የጥንዚዛ እጭ በጥንቃቄ በተቆጣጠሩት ሙከራ ሲመገቡ አብዛኞቹ ምላሽ አሳይተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ይህንኑ እጭ በ2021 ለምግብነት ሲፈቅድ፣ ለሽሪምፕና ለመሰሎቹ ወይም ለአቧራ ማይት አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በማሸጊያው ላይ እንዲኖር ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ማንም ሰው በሚልዎርም ተነድፎ አያውቅም። አደጋው የመጣው ከዘመዱ ጡንቻ ነው።

ስለ መርዙ የወጣውን ውጤትም ልናገር። ከናሶኒያ የመርዝ ፕሮቲኖች ከፊሎቹ ከየትኛውም ከሚታወቅ ፕሮቲን ጋር አይመሳሰሉም፤ በንጽጽሩም ምንም ምልክት አይሰጡም። ይህ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። የታወቁ አለርጂ አስነሺዎች ከጠቅላላው የፕሮቲን ቤተሰቦች በ2 በመቶ ገደማ ውስጥ ብቻ የሚሰበሰቡ በመሆናቸው፣ ከእነዚያ ቤተሰቦች ውጭ መሆን የሚያበረታታ ነገር ነው። ይሁንና ዝርዝሩ የያዘው ሰዎች ታመውባቸው የተመዘገቡትን ነው። ሰው ተነድፎት፣ በልቶት ወይም ተንፍሶት የማያውቀው ፕሮቲን በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩ ስለ ፕሮቲኑ ከሚነግረን ይልቅ ስለ እኛ ያለፈ ታሪክ የሚነግረን ይበልጣል። በዚህ ላይ ስድስት ወይም ስምንት ተከታታይ አሚኖ አሲዶች መግጠማቸውን መፈለግ መፍትሔ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ በእኔ እምነት ግን ቁራጩ ባጠረ ቁጥር በአጋጣሚ የሚገጥመው ስለሚበዛ፣ ይህ መንገድ ከማስረጃ ይልቅ ጫጫታ ያመጣል።

ፔፕሲንና ሴረም

ቀጣዩ ጥያቄ ፕሮቲኑ በጨጓራ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው። ፕሮቲኑ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጠንካራ አሲድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ፔፕሲን ከተባለው ፕሮቲን ፈጪ የጨጓራ ኢንዛይም ጋር ይደባለቃል፤ ከሰከንዶች አንሥቶ እስከ 60 ደቂቃ ድረስ በየመካከሉ ናሙና ተወስዶ የቀረው ይታያል። በ1996 የታተመ ሥራ አለርጂ አስነሺዎች ይህን ፈተና እንደሚቋቋሙ፣ ሌሎቹ ግን ወዲያው እንደሚፈርሱ አሳይቶ ነበር፤ በ2002 የወጣ ሌላ ሥራ ግን ልዩነቱ የተባለውን ያህል የጠራ እንዳልሆነ አመለከተ። በአሜሪካ ለእንስሳት መኖ ብቻ የተፈቀደው ስታርሊንክ የተባለ በቆሎ በ2000 በሰው ምግብ ውስጥ ሲገኝ የተፈጠረው ድንጋጤ መነሻም፣ በውስጡ ያለው ክራይ9ሲ የተባለ ፕሮቲን ሙቀትንና ፔፕሲንን መቋቋሙ ነበር። በቆሎውን በልተን ታመምን ካሉት መካከል የ17 ሰዎች ሴረም በ2001 ተመርምሮ ለፕሮቲኑ የሚሆን አይጂኢ አልተገኘም። መቋቋም የጥርጣሬ ምክንያት እንጂ የበሽታ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በተቃራኒውም የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጨጓራ የላቦራቶሪውን ፈሳሽ እንደማይመስል መርሳት የለብንም። የጡንቻ ፕሮቲኖቹንም በአንድ ዓይን ማየት አይገባም፤ ትሮፖማዮሲን ሙቀትን በደንብ ሲችል አርጂኒን ካይኔዝ ግን በሙቀት ቶሎ የሚጎዳ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የታማሚዎች ሴረም ነው፤ የጥገኛ ተርብ ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ለብራዚል ነት አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ስለ ነበሩ ደማቸው መልስ ሰጠ። በማይክሮፕላይቲስ ተነድፎ የታመመ ሰው ግን ከየት ይመጣል? የሚቀረው አማራጭ ሰውን ከሚነድፉት ተርቦች አለርጂ ያለባቸውን ሰዎችና፣ ሠንጠረዡ እንዳሳየኝ፣ ለሽሪምፕና ለአቧራ ማይት አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ሴረም መጠቀም ነው። ቁጥሩም ቀላል ነገር አይደለም። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የሚለዩት ፕሮቲን ከሆነ፣ የ8 ሰዎች ሴረም በሙሉ ሳይለየው የማለፍ ዕድሉ ከ256 አንድ ነው፤ ከ5 ታማሚዎች አንዱ ብቻ የሚለየው ከሆነ ግን በዚያው 8 ሴረም ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ ወደ 17 በመቶ ይደርሳል። አነስተኛ ቁጥር ባለው ሴረም «ምንም አልተገኘም» የሚል ዘገባ ሳነብ ይህን ስሌት ሳልሠራ አላልፍም።

ስለ ስኳሩም አንድ ነገር ልጨምር። ነፍሳትና ተክሎች ከፕሮቲኖቻቸው ጋር የሚያያይዟቸው አንዳንድ የስኳር ሰንሰለቶች በሰው አካል ውስጥ የማይገኙ በመሆናቸው፣ ብዙ ሰዎች ለእነሱ አይጂኢ አላቸው፤ ይሁንና ይህ አይጂኢ እምብዛም ሕመም አያስከትልም። በባክቴሪያ የተመረተ የተርብ ፕሮቲን ስኳሩ የለበትም፤ በተክል ውስጥ የተመረተው ግን የተክሉን ስኳር ሊለብስ ይችላል። ባክቴሪያው የሠራውን መርምሮ ተክሉ ስለሚሠራው መፍረድ ስለዚህ አይቻልም፤ በተክሉ ላይ የታየ የአይጂኢ ምላሽም ለፕሮቲኑ ነው ወይስ ለስኳሩ የሚለው ሳይለይ ማንንም ማስፈራራት አይገባም።

በሳምባ በኩል

ስለ ምግብ ይህን ያህል ካሰብሁ በኋላ፣ ጥያቄው ራሱ ከምግብ ውጭ እንዳለ ለማየት ጊዜ አልፈጀብኝም። በሚበላ ሰብል ውስጥ የተርብ ፕሮቲን መግባቱ ገና የወደፊት ጉዳይ ነው፤ ጥገኛ ተርቦችን በብዛት የሚያራቡ ሠራተኞች ግን ዛሬም አየሩን እየተነፈሱ ነው። በግሪንሃውስ ውስጥ ተባይ አዳኝ ማይቶችን የሚጠቀሙ ሠራተኞች ለእነዚያ ማይቶች አይጂኢ እንደሚያዳብሩና ከፊሎቹም በአፍንጫና በሳምባ አለርጂ እንደሚታመሙ ታውቋል። ትሪኮግራማ የተባሉት ደቃቅ ተርቦች የሚራቡት ደግሞ በዱቄትና በእህል የእሳት ራት እንቁላል ላይ ነው፤ በእርባታ ክፍሉ አየር ውስጥ የሚበተነው የእሳት ራቱ የክንፍ ቅርፊት ራሱ የታወቀ የሳምባ አለርጂ መነሻ ነው። ተርቡን ብቻ የሚመረምር ግምገማ ተርቡ የበላውን ሳያይ ያልፋል።

ተርቦቹን እወዳቸዋለሁ፤ ፀረ ተባይ ኬሚካልን የሚቀንስልን ሌላ ይህን ያህል ንጹሕ መንገድ አላውቅም። ሥራቸውን ለማቆየት የምንሻ ከሆነ ደግሞ የሚያራቧቸውን ሰዎች ሳምባ መጠበቅ ግዴታችን ነው። ማንኛውም የእርባታ ድርጅት ሠራተኛውን ወደ ክፍሉ ከማስገባቱ በፊት የሳምባውን አቅም ማስለካት፣ በክፍሉ ውስጥ አየሩን ከሥር የሚስብ ማስወጫ መትከል፣ አቧራውንም በየጊዜው ማስለካት ይኖርበታል። ከዚህም ጋር፣ ሠራተኛው በነጻ ፈቃዱ ከተስማማና መረጃው በሥራው ላይ መዘዝ እንደማያመጣበት ዋስትና ከተሰጠው፣ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሴረም ተወስዶ ቢቀመጥና ከዓመታት ሥራ በኋላ ከሚወሰደው ጋር ቢነጻጸር፣ ዛሬ የጎደለን የጥገኛ ተርብ ሴረም መሰብሰብ ይጀምራል። አንድ ቀን የተርብ ፕሮቲን ያለው ሰብል ለፈቃድ ሲቀርብ፣ ገምጋሚዎቹ ከሽሪምፕና ከነዳፊ ተርብ ታማሚዎች ሴረም ጎን ለጎን ሊመረምሩት የሚገባው ይህንን ነው።